ምጣድ የለኝም

«ሌሊት ሌሊት ምጣድ የሚጥደው ማነው?»

አከራያችን ማዘር ይህን ሲሉ ግቢው መሃል ቆመው ነበር። ጥያቄው ለሁላችንም ነው የቀረበው፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ተከራዩ ሁሉ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር። የኪራይ ውዝፉን ሳይከፍል እሱም አንገቱን ነቀነቀብኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ጥርሴን ስቦርሽ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ግሩም ግሩም መልስም አብሮ ይመጣል። ያን ዕለት ግን ከአፌ የወጣው «ማ... እኔ?» ብቻ ነው። እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ደግሞ ነፃ ሲወጣ ዓይቼ አላውቅም።

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ገባ ብሎ ነው፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ግቢው ሰርቪስ ቤት የተደረደረበት ነው። ቆጣሪው አንድ፣ ካርዱም አንድ። ካርዱ ሲያልቅ ማዘር ብር ይሰበስቡና ሄደው ያስሞላሉ። ማን ስንት እንደሚያዋጣ የሚወሰንበትን ቀመር የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ ቲቪ ያለው ይህን ያህል። እኔ «ኮምፒውተር ብቻ» በሚለው መደብ ውስጥ ተረጋግቼ ስኖር ነበር።

ሰሞኑን ካርዱ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። እኔም ሰሞኑን ለኮምፒውተሬ አዲስ ፕሮሰሰር፣ ማለትም አዲስ አንጎል፣ ገጥሜያለሁ። የሁለቱን መገጣጠም ያስተዋለ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሥራዬ ያልተሠራ ሕንፃ መሥራት ነው። ቤት ሻጮች ገና ሣር የበቀለበት መሬት ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ባለ መዋኛ ገንዳ ፎቅ አቆምላቸዋለሁ፣ በረንዳው ላይ ፈገግ ያለ ቤተሰብ አስቀምጣለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሻወሩ ግቢው ጥግ ያለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። የምጠቀምበት የሬንደር ፕሮግራም፣ ሥዕሉን ፎቶ የሚያስመስለው ማለት ነው፣ በፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ስለሆነ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ በሉት) በበዛ ቁጥር ይፈጥናል። ደንበኛው አይቶ «በጣም አሪፍ ነው፣ ግን ዛፍ ጨምርበት» ይላል። ዛፍ ሲጨመር እንደገና ማደር ነው። በማግሥቱ «ዛፉ ሎጎውን ከለለው» ይላል። ክፍያ ስትጠይቅ «ፋይናንስ ስብሰባ ላይ ናት» ትባላለህ። ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ስብሰባ ላይ እንደሆነች አንድ ቀን ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ። ለማንኛውም ወደ ነገሬ ልመለስ።

ፕሮሰሰሩ ሲመረጥ ከጓደኛዬ ጋር ልንጣላ ደርሰን ነበር። እሱ የሚያውቀው ጌም ብቻ ነው። «ራይዘን 7 7800 ኤክስ 3ዲ ግዛ፣ ሌላው ገደል ይግባ» አለኝ። ለጌም ከሆነ ልክ ነው። 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ሥር ያለ ፈጣን ማስታወሻ) ስለተደረበበት ጌም ላይ ጉድ ይሠራል። ግን በ8 ኮር የዚያን ሰውዬ ዛፍ አልወጣውም። የኢንቴሉ ኮር አይ9 14900 ኬም ታስቦ ነበር፤ 24 ኮር፣ እስከ 6 ጊጋኸርዝ። እሱን ፈራሁት። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ቮልቴጅ እየበዛባቸው ሲበላሹ ኩባንያው እ.ኤ.አ. 2024 ላይ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማስተካከያ እስከማውጣት ደርሷል። የሰፈሬ መብራት ሳያንስ ውስጡም ቮልቴጅ የሚረብሸው ዕቃ ምን ሊያደርግልኝ? ራይዘን 9 7950 ኤክስ ላይ ረጋሁ። 16 ኮር፣ በአንዴ 32 የሥራ መስመር (ትሬድ)፣ እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ። ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ገጥሞ ሥራውን ይሠራል። እኔ ኦቨርክሎክ ማድረግ ጀመርኩ።

ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ድሮ ትርፍ ነበረው። እ.ኤ.አ. 1998 ላይ የወጣው ሴሌሮን 300 ኤ የሚባል ፕሮሰሰር ባሱ (የፍጥነቱ መነሻ ምት) ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ ሲል 300 የነበረው 450 ሜጋኸርዝ ይሆን ነበር። ግማሹ ምርቃት! ዛሬ ፋብሪካው ራሱ አሟጥጦ ነው የሚሸጥልህ። የቀረችው ጥቂት ፐርሰንት ናት። እሷን ነው ሌሊት ሌሊት የማሳድደው። ፒቢኦ በሚባለው ማስተካከያ የኃይል ጣሪያውን ታነሳለህ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው ለየኮሩ ቮልቴጅ ትቀንሳለህ። በዛ ብሎ ከተቀነሰበት ማሽኑ ተሰናክሎ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሃል። የሚያናድደው ግን ይሄ አይደለም። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ያደረው ማሽን ጠዋት ላይ፣ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ድርግም ሲል ነው።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። 7950 ኤክስ ሲጫን 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄድ ሆኖ ነው የተሠራው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኔ ፕሮሰሰር እንግዲህ ከፈላ ውሃ ይብሳል። አየራችንም ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከር እንኳ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ፋን የሚሸጥልህ ሰው ይህን አይነግርህም።

ሌሊት የምሠራውም ለዚህ ነው። ይበርዳል፤ ሰፈሩ ምጣዱን ስላወረደ መብራቱም አይዋዥቅም። የኮምፒውተሩን ሣጥን ጎን አነሳና ትኩስ አየሩን ወደ መስኮት አዞረዋለሁ። አንዳንዴ ማንም አያየኝም ብዬ በከሰል ማራገቢያ አራግብለታለሁ። አትሳቁ። ሲራገብለት ዲግሪው ከ95 ፍንክች አይልም፤ የሚጨምረው ፍጥነቱ ነው። 25 ሜጋኸርዝ። 50 ሜጋኸርዝ። ክንዴ ሲዝል መልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. 2023 ላይ ፈሳሽ ሂሊየም እያፈሰሱ ኮር አይ9 14900 ኬኤፍን ከ9 ጊጋኸርዝ ያሳለፉ ሰዎች አሉ። እኔ ጋ ያለችው የስንደዶ ማራገቢያ ናት።

እና ግቢው መሃል ምስክር መሰማት ተጀመረ።

የጎን ቤቷ ነርስ ከተረኛነት ስትመለስ ከክፍሌ «ሽውውው» የሚል ድምፅ እንደምትሰማ ተናገረች። የማዘር የልጅ ልጅ «ድመቷ እኮ የሱ መስኮት ላይ ነው የምትተኛው» አለ። ይቺ ከባድ ነበረች። ድመት በከንቱ መስኮት አትመርጥም። ዘበኛው ጋሼም በዚያ በኩል ሲያልፉ ሙቀት ፊታቸውን እንደሚመታቸው አረጋገጡ። እዚያው ቆመው እጃቸውን እንደሚያሞቁ ግን አልተናገሩም።

«ማዘር፣ ፕሮሰሰር ነው» አልኩ። «ኦቨርክሎክ እያደረግኩት ነው።»

«ምን እያደረግከው?»

«ከተሠራበት ልክ በላይ እንዲሠራ...»

«እሱን እኮ ነው የምለው!» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ከልክ በላይ እየሠራበት ነው። ይኸው በራሱ አፍ።»

በስሌት ልርታቸው አልኩ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ፕሮሰሰሬ ሲጫን 230 ዋት ነው፤ ኦቨርክሎኩ ትንሽ ይጨምርበት። ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን የኔው ግማሽ ቀን ሠርቶም አይጨርሰውም። ይህን ሁሉ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳሁ። ባጃጅ ነጂው በጥሞና ሰማኝና «ስለ ምጣድ ብዙ ያውቃል» አለ።

ከዚያ ወደ ቤቴ ተገባ። ሁሉም ገባ። አልጋው ሥር ታየ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ታየ። ምጣድ የለም። ማራገቢያዋ ግን ኪቦርዱ ላይ ተጋድማ ተገኘች። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ማራገቢያ አይፈልግም» ብላ ነርሷ ልታድነኝ ሞከረች። ጋሼ «ለእንጀራው ማብረጃ ይሆናላ» ብለው ዘጉት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ያን ዕለት ጠዋት ፔስት፣ ያ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን ቅባት፣ ስቀይር ነበር። የዚህ ትውልድ ራይዘን ክዳኑ ዙሪያውን የተቦረቦረ ነው። ፔስቱ ትንሽ በዛ ካለ በየስርጉዱ ይገባል፣ መጥረጉም መከራ ነው። ጨርቁ፣ የሸሚዜ እጅጌ፣ የጠረጴዛው ጫፍ፣ ሁሉም ግራጫ ግራጫ ሆኗል። ማዘር መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ አሉ። ከጠረጴዛው ጫፍ በአመልካች ጣታቸው ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ክፍሉ ውስጥ የኮምፒውተሩ ፋን ብቻ ይሰማል። ከዚያ ቀና አሉና ብይኑን ሰጡ።

«ገና አልቦካም።»

ጣታቸው ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ጋሼ አሸተቱ። አንዷ ተከራይ ቀለሙን አይታ «ሰርገኛ ነው» አለች። ሌላዋ «ሰርገኛ እንዲህ አይወፍርም፣ ገብስ ደባልቆበታል» አለች። እርሾ አንሶታል ተባለ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር ተባለ። ወንድ ልጅ ብቻውን ሲያቦካ እንዲህ ነው ተባለ፤ ይህንን ያለችው በርኅራኄ ነው፣ እሱ ነው የባሰኝ። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስንት እንደማስረክብ ጠየቀችኝ። ከሱቅ ዋጋ በታች ከሆነ በየሳምንቱ ትወስዳለች።

በዚህ መሃል የልጅ ልጁ ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ሲወስድ አየሁት።

«እንዳትቀምሰው!» ብዬ ጮህኩ።

ዝም ተባለ።

«ለምን አይቀምሰውም?» አሉ ማዘር ቀስ ብለው። «ምን ጨምረህበት ነው?»

«ጀሶ!» አለ ባጃጅ ነጂው።

እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ የሚባለውን ወሬ ያልሰማ የለም። የመብራት ጉዳይ የነበረው በአንድ ቃል የጤና ጉዳይ ሆነ። ነርሷም ከኔ ፈቀቅ አለች።

የመጨረሻ ጥይቴ ማሳየት ነበር። ማሽኑን አስነስቼ የጭነት መፈተሻውን ለቀቅኩት። «ማዘር፣ እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉ፤ ሙቀቱ ከዚህ ነው የሚወጣው» አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራቱ ፈዘዝ አለ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባትሪ) ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሁሉም ኮምፒውተሬን በጥላቻ አየው።

ከጓሮ፣ ከማዘር ማድ ቤት፣ የእንጀራ ሽታ መጣ።

ትኩስ እንጀራ። የመጀመሪያው ከምጣድ ሲነሳ ያለው ሽታ። እዚያ የምትጋግረው የማዘር እህት ናት፤ ፊት ለፊት ላሉት ሱቆች በጆንያ ነው የምታስረክበው። ሁሉም አሸተተ፣ ሁሉም ምራቁን ዋጠ። አንድም ሰው ምንም አላለም። እኔም አላልኩም፤ የቤት ኪራይ እንዴት እንደጨመረ ታውቃላችሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው።

አንጀቴን የሚያሳርረው ሌላም አለ። የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው። እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ እየወጣ ከ500 በላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ለብቻዬ ቆጣሪ ቢኖረኝ ከነኦቨርክሎኬ ታች ታቹ እርከን ላይ በሰላም እኖር ነበር። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ስለተጠረነፈ እኔ የማበራት አምፖል እንኳ በምጣዱ እርከን ነው የምትሰላው።

አሁን በማዘር ቀመር ከ«ኮምፒውተር ብቻ» ወጥቼ «ምጣድ ያለው» መደብ ገብቻለሁ። ፕሮሰሰሩን ኢኮ ሞድ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ላይ አድርጌዋለሁ። 230 ዋት የነበረውን ወደ 142 ያወርደዋል፣ ፍጥነቱ ላይ ያመጣው ልዩነት ብዙም አይታወቅም። ለማዘር ሄጄ ነገርኳቸው። «ጎሽ፣ ቀስ በቀስ ትተወዋለህ» አሉኝ።

ለበዓል ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ብርዱ ለኦቨርክሎክ ያስጎመጃል፣ ግን ማሽኑን ትቼው ነው የሄድኩት፤ ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ ጠቅልዬ አልጋው ላይ አስቀምጬ። በሁለተኛው ቀን ማዘር ደወሉ።

«ልጄ፣ ካርዱ አልቋል። ያንን ነገርህን ሳታጠፋው ነው እንዴ የሄድከው?»

«ኧረ ማዘር፣ ነቅዬው ነው የመጣሁት።»

ዝም አሉ። በስልኩ ውስጥ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳና ሲደፋ ይሰማኛል።

«አየህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለካ ተነቅሎም ይበላል።»