ባስነጠስኩ ቁጥር

ነገሩ የተጀመረው ወፍጮ ቤት ነው። ለገና በርበሬ ላስፈጭ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ በርበሬ መፈጨት ሲጀምር ቤቱ በአንድ አፍታ ታጠነ። አንዴ አነጠስኩ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሽንቴ አመለጠኝ። ጠብታ ቢሆን እኮ ለምጄዋለሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ ዘንቢሌን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ለወፍጮ ቤቱ ልጅ «ስልክ ተደወለልኝ» አልኩት። ስልኬ ቤት ነበር።

47 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ። ይህ ነገር ከሁለተኛው ልጄ ጀምሮ አለ፣ 15 ዓመት ማለት ነው። ስስቅ እግሬን አጣምራለሁ። ታክሲ ከመያዜ በፊት መጸዳጃ ቤት እፈልጋለሁ። ሰርግ ስጠራ ጥቁር ቀሚስ እመርጣለሁ። ለባለቤቴም፣ ለእናቴም፣ ለሐኪምም ተናግሬ አላውቅም። የሆዴን በሆዴ።

የነገርኩት ለእህቴ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ወፍጮ ቤት የደረሰብኝን እንደ ቀልድ ጀመርኩላት። አልሳቀችም። «ስንት ጊዜሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ለሴቶች ብቻ፣ የሦስት ቀን ዌልነስ ሪትሪት፣ ቢሾፍቱ። የማህፀን ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ዮጋ። ዋጋውን አይቼ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ የወር ደመወዜን ግማሽ ያክላል። «ተከፍሏል፣ ልብስሽን አዘጋጂ» አለችኝ።

ባለቤቴ «ሪትሪት ምንድን ነው? ሱባኤ ነው?» አለ።

«እንደሱ ነገር።»

«ታዲያ ሱባኤ በነጻ አይደል?»

በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። እናቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። ጸበል ይወርዳሉ፣ ፍልውሃ ይገባሉ፣ ሲወልዱ አራስ ቤት ተኝተው ገንፎ ይበላሉ። እንዲያውም አዲስ አበባን ያየን እንደሆነ፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ መታጠብ ባይወዱ ኖሮ ከተማዋ እዚህ ቦታ ላይ መቆረቆሯን እንጃ። 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሪትሪት ልጆች ነን እኮ።

ጥር መጨረሻ ላይ አርብ ጠዋት ሄድን። በፍጥነት መንገዱ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። 23 ሴቶች ነበርን፣ ከ26 ዓመት ወጣት እስከ 61 ዓመት እናት። ያረፍንበት ሎጅ ባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ባቦጋያ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ከላይ ሆነው ሲያዩት ድስት ውስጥ ያዩ ይመስልዎታል። ሆራም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅም እንደዚሁ ናቸው።

መጀመሪያ የማይጥመኝን ልናገርና ልገላገል። ከሌሊቱ 11 ተኩል በደወል መቀስቀስ። ዮጋ የምታሠራው ልጅ በጣም ደግ ናት፣ ግን በየመሀሉ «መርዙ ይውጣ» ትላለች። ቁርስ ላይ አንድ አረንጓዴ ጭማቂ ቀረበ፣ ጎመንና ዝንጅብል ነገር፣ ሰውነት ያጸዳል ተብሎ። የማህፀን ሐኪሟ ብርጭቆዋን አየት አድርጋ «ታዲያ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸው ምን ሊሆን ነው?» አለች። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ እግሬን አጣምሬ።

ትልቁ በደል ግን ቡና ነው። አርብ ምሳ ተበላ። የጾም ነው፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሁላችንም ቡና ልንጠጣ አንገታችንን ስናወጣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ተነሥታ «ከአንድ ሰዓት በኋላ» አለች። ጉርምርምታው! ምክንያቷን ነገረችን። ከጤፉም፣ ከምስሩም፣ ከጎመኑም የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን የሚወስደው በመከራ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲገቡ ደግሞ ያንኑ ጥቂት ይይዙበታል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በተቃራኒው ያግዙታል። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት፣ የምትጾም ሴት፣ በየገበታው ላይ ቡና የምታስከትል ሴት፣ ደሟ ሲያንስ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ይህን ስትል ሦስት አራታችን ተያየን።

እኚያ የ61 ዓመቷ እናት ግን አልተዋጠላቸውም። እማማ ነው የምንላቸው። ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና በፎጣ የተጠቀለለ ጀበና፣ ከሰል ማንደጃና የተቆላ ቡና ይዘው ወጡ። ከአዲስ አበባ ይዘውት መጥተዋል። «አንድ ሰዓት አይደል ያልሽው? እስኪፈላ ይሞላል» አሏት። ልጅቷም ተሸንፋ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ የሁላችንንም ደም ግፊት ለካች። መለካቱ ራሱ ትምህርት ነበር። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን መደገፍ፣ እግርን አለማጣመር፣ ወሬ የለም። እኔ ጤና ጣቢያ ደረጃ ወጥቼ እያለከለኩ፣ ስለ ልጆቼ እያወራሁ ነው የምለካው። ከመካከላችን አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁን በሩጫ የምትዞር ሴት ነበረች። በልባችን የምንቀናባት። የሷ ላይኛው 168፣ ታችኛው 102 ሆነ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ሳቀች። በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ክንድ፣ ማታ እንደገና፣ እሁድም እንደገና። ያው ነው። «ምንም አያመኝም እኮ» ትላለች ደጋግማ። ሐኪሟ «ግፊት እኮ አያምም» አለቻት። ከ140 በ90 በላይ ተደጋግሞ ከታየ ሐኪም ጋር መሄድ ነው፣ መሮጥ ብቻውን አያድንም።

ከሰዓት በኋላ የማህፀን ሐኪሟ ምንጣፍ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ጥያቄ ተቀበለች። ነጭ ጋዎን የለ፣ ጠረጴዛ የለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሕይወቴ ሐኪም ፊት ከሰባት ደቂቃ በላይ ተቀምጬ አላውቅም። ለካ ጥያቄ ሲጠራቀም እንዲህ ነው። የብልት ውስጥን በሳሙና መታጠብ? አያስፈልግም፣ ውስጡ ራሱን ያጸዳል፣ ሳሙና ያሳክካል እንጂ። ሌሊት ሌሊት ላብ? ወደ ማረጥ ስትቃረቢ ይመጣል፣ መድኃኒትም አለው፣ ዝም ብለሽ አትሰቃዪ። አረጥሽ የሚባለው መቼ ነው? የወር አበባሽን 12 ወር ሙሉ ሳታዪ ስትቀሪ።

ከዚያ «ከ30 ዓመት በላይ ሆናችሁ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያደረጋችሁ?» ብላ ጠየቀች። አራት እጅ ወጣ። የኔ የለበትም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዓመታት ይወስድበታል፣ ስለዚህ ቀድመው ከያዙት ሳይነሣ ያልቃል። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ለልጃገረዶች ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ የኔ ትልቋ ትምህርት ቤት ተከትባለች። ልጄን አስከትቤ እኔ ሳልመረመር መቀመጤ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

በመሀል እማማ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ግን ልጄ፣ ካረጥኩ አሥር ዓመቴ ነው፣ ባለፈው ዓመት ተመለሰልኝ» አሉ። ፈገግ ብለው ነው። «ትንሽ ትንሽ ይታየኛል። ወጣትነት መጣ ብዬ ለጎረቤቴም ነግሬያታለሁ።»

የሳቅን ነበርን። ሐኪሟ አልሳቀችም። «እሺ እማማ» ብላ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ሲያልቅ ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ሐይቁ በኩል ወሰደቻቸው። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ሲመለሱ እማማ በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ነበር። ማታ እራት ላይ ለሁላችንም ነገረችን፣ ስም ሳትጠራ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ልጅ ናት፣ ሠላሳም አይሞላት። እሁድ ጠዋት በየተራ ለብቻ አነጋገረችን፣ ለአንድ ሰው 30 ደቂቃ። «እርስዎ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። «ምንም የለም፣ ወገቤን ትንሽ ያመኛል» አልኩ። ውሸቴን ነው። ወገቤን ጠየቀችኝ፣ ተጫነችው፣ አጎንብሼ ተነሣሁ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ የምትጽፈውን እየጻፈች፣ «ሲስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ሽንት ያመልጥዎታል?» አለችኝ። ልክ የእግር ቁጥሬን እንደምትጠይቅ።

አለቀስኩ። እሷ ሶፍት አቀበለችኝና ጠበቀችኝ።

እኔ የሽንት ችግር ሲባል የማውቀው ፌስቱላን ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር እዚህ አዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙለትን። እሷ ለየችልኝ። ፌስቱላ ከተራዘመ ምጥ የሚመጣ ቀዳዳ ነው፣ ቀን ከሌት ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ በቀዶ ጥገና ይጠገናል። የኔው የጡንቻ መላላት ነው። ከዳሌ በታች ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የያዘ የጡንቻ ወለል አለ፣ እርግዝናና ምጥ ይለጥጡታል። ጡንቻ ስለሆነ ደግሞ ይሠራል፣ ይጠነክራል።

«የዱቄት ከረጢት አፍ አስበው ያውቃሉ? ገመዱ ሲጎተት አፉ ተሰብስቦ ወደ ላይ የሚነሣውን?» አለችኝ። እንደዚያ ከታች ሰብስቦ ወደ ላይ ማንሣት። ቂጥን አለመጭመቅ፣ ሆድን አለመወጠር፣ ትንፋሽን አለመያዝ። አምስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ አምስት ሰከንድ ማረፍ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። እየጠነከረ ሲመጣ ወደ አሥር ሰከንድ ማሳደግ። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን እንደ ልምምድ አታድርጉት፣ ፊኛን ያውካል። መጀመሪያ ስሞክር ትንፋሼን ይዤ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አወጣሁት። «ትከሻዎ ምን አድርጎ ነው?» ብላ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ዘዴ ጨመረችልኝ፣ ልታስነጥሺ ስትይ ቀድመሽ ሰብስቢ። መሀል ላይ «እርስዎ» ማለቷን እንድትተው ነግሬያት ነበር። ቢያንስ ሦስት ወር ስጪው፣ ካልተሻለሽ ግን ሌላ ሕክምናም አለ፣ አትተይው አለችኝ። ሦስት ቀን ከከፈልንበት ሁሉ ይቺ ሠላሳ ደቂቃ ናት የኔ። ሐይቁንም፣ ዮጋውንም፣ ጭማቂውንም ለፈለገ እሰጣለሁ።

ከተመለስኩ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ሄጄ የማህፀን በር ምርመራውን አደረግሁ። ሲስተሯ አሴቲክ አሲድ ቀባችኝ፣ የኮምጣጤ ዘር ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቃ በመብራት አየች። ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም፣ ደህና ነሽ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሺ አለችኝ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያመኛል ብዬ ነበር፣ ደስ የሚል ነገር ባይሆንም አላመመኝም።

ልምምዱን ታክሲ ወረፋ ላይ እሠራዋለሁ። መገናኛ ሰልፍ ላይ ፊቷን አኮስትራ ትንፋሿን የምትቆጥር ሴት ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። ተሽሎኛል፣ ግን አልዳንኩም። ስስቅ ደህና ነኝ። ሲያስለኝ ገና ነው። አሁን ሁዳዴ ነው፣ ሽሮዬ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ቡናውን አንድ ሰዓት አስጠብቃለሁ፣ ባለቤቴ «ሪትሪትሽ ቤታችን ገባ» ይላል። ነገሩን ነግሬዋለሁ። «15 ዓመት?» ብሎ ብዙ ቆየና የፋሲካውን በርበሬ እኔ አስፈጫለሁ አለ። ወፍጮ ቤቱን አሳየሁት።

እማማ ጋ ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። አልትራሳውንድ ተነሥተዋል፣ ከማህፀናቸው ናሙና ተወስዷል። ውጤቱ ሐሙስ ነው። ልጃቸው ዱባይ ናት፣ አብሯቸው የሚሄድ ሰው የለም፣ ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ እንገናኛለን።

«ጀበናውን ይዘው እንዳይመጡ» አልኳቸው።

«ወረፋው ረጅም ነው ይባላል» አሉኝ።