የኦይስተር ሪፍ መገንባት፦ ነገሩ ከዛጎሉ ይጀምራል

ኦይስተር ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው፤ ሪፍ የሚባለው ደግሞ ኦይስተሮች አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቀው ከወለሉ የሚያነሡት ጉብታ ነው። ስለ ኦይስተር በተነሳ ቁጥር የምትጠቀስ አንዲት ቁጥር አለች፦ አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ያጣራል። ሐሰት አይደለችም፤ ግን «እስከ» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰው ዘሎ ያነባታል። እዚያ የሚደረሰው ውኃው ሞቅ ሲል፣ ጨዋማነቱ ሲስማማና የሚበላ ሲገኝ ብቻ ነው። ብርዱ ሲጠና እንስሳው ሁለቱን ዛጎሎቹን ገጥሞ ዝም ይላል። ስለዚህ የኦይስተሩን ብዛት በ190 አባዝቶ የሪፉን ጥቅም ማወጅ ራስን ማታለል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የተጣራው ነገር የሚሄድበት ነው። ኦይስተሩ ዋቅላሚውን (በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን አልጌ) ይበላል፤ ያልፈለገውን ደለል በንፍጥ ጠቅልሎ ወደ ታች ይጥለዋል። ወለሉ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ከዚያ ክምችት ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን በከፊል ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። በኦይስተሩ ሥጋ ውስጥ የገባው ናይትሮጂን ግን እንስሳው እዚያው ከሞተ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ይህን የማይለዩ ሪፖርቶች ብዙ ናቸው። ውኃው ሲጠራ ብርሃን ወለሉ ድረስ ይዘልቃል፣ የባሕር ሣርም ይበቅላል። በዛጎሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ ይጠለላሉ፤ እነሱን ሊበሉ ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ማዕበል ሰብሮ ዳርቻን ከመሸርሸር ማዳንም አለ፤ ይህ ግን የሪፉ አናት ከውኃው ወለል ብዙ ካልራቀ ነው። ጥልቅ ውስጥ ያለ ሪፍ ማዕበሉን አያስቆመውም።

አሁን ወደ ሥራው። የኦይስተር እጭ ከ2 እስከ 3 ሳምንት እየተንሳፈፈች ትቆያለች። ወደ 0.3 ሚሊሜትር ስትደርስ የዓይን ነጥብና እግር ታወጣለች፤ በእግሯ እየዳበሰች ጠንካራ ነገር ትፈልጋለች። የወደደችውን ስታገኝ ማጣበቂያ ታመነጭና ግራ ዛጎሏን ትለጥፋለች። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኳን ንቅንቅ የለም። ጭቃ ላይ ካረፈች አለቀላት። ለዚህ ነው «ስንት ሚሊዮን ግልገል ጨመራችሁ?» ከማለት በፊት «ምን ላይ?» መባል ያለበት።

ቦታው የሚመረጠው ረጅም ዘንግ ወለሉ ላይ በመውጋት ነው። ዘንጉ ያለ ትግል ከሰመጠ የምትደፉት ዛጎልም ተከትሎት ይሰምጣል። ቀጥሎ ጨዋማነት ይለካል። ለአሜሪካው ምሥራቃዊ ኦይስተር ከሺህ እጅ ውኃ ከ14 እስከ 28 እጅ ጨው ያለው ይመቸዋል፤ በሞቃቱ ወራት ከ5 በታች ወርዶ ከሰነበተ ያልቃል። ጨዋማው ውኃም የራሱ ጣጣ አለው፦ ዛጎል ሰርስረው የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችና በሽታው የሚበረቱት እዚያ ነው። ኤምኤስኤክስ የተባለው በሽታ በ1957 በአሜሪካ በደላዌር፣ በ1959 ደግሞ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ተገኝቶ ብዙ ኦይስተር ጨርሷል። ሰውን አይነካም።

እጭ በተፈጥሮ ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ ርካሽ መላ አለ። መጠናቸው የሚቀራረብ 12 ዛጎሎች በስታችሁ በሽቦ ሰክታችሁ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ በየሳምንቱ ቀይሩ። የላይኛውንና የታችኛውን ትታችሁ በ10ሩ ለስላሳ ገጽ ላይ የተለጠፉትን በማጉያ መነጽር ቁጠሩ። በቂ ከሆነ ዛጎል መደፋት ብቻ ይበቃል፤ ከሌለ ከማራቢያ ጣቢያ እጭ ማምጣት ግድ ነው። የጎልፍ ኳስ የምታህል እርጥብ የእጭ ድቡልቡል ሚሊዮኖችን ትይዛለች። ታጥቦ በቅርጫት የተደረደረ ዛጎል በሞላበት፣ አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ትለቀቃለች፤ በ2 ወይም 3 ቀን የሚጣበቀው ይጣበቃል። አብዛኛው አይጣበቅም፤ አትደንግጡ።

ዛጎሉ ከምግብ ቤት ከመጣ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ መቆየት አለበት። ሥጋው ሳይደርቅ ውኃ ከገባ የሌላ አካባቢ በሽታና መጤ ፍጥረት ይዞ ይገባል። የሚደፋበት ጊዜም ወሳኝ ነው፤ እጮቹ ማረፍ ሊጀምሩ ጥቂት ሲቀራቸው። ሁለት ወር ከቀደማችሁ ዛጎሉ ደለልና ዋቅላሚ ለብሶ ይጠብቃቸዋል፣ ንጹሕ ገጽ አጥተውም ያልፋሉ።

ሪፉ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ክርክር በቼሳፒክ ግሬት ዊኮሚኮ ወንዝ ላይ በ2004 የተሠራው ሥራ ዘግቶታል ባይ ነኝ። ከ25 እስከ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ባሉት ሪፎች ላይ የኦይስተሩ ጥግግት ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር ብቻ ካላቸው በአራት እጥፍ ገደማ በልጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከፍ ያለው ላይ ውኃው ፈጠን ይላል፣ ምግብ ያደርሳል፣ ደለሉንም ጠርጎ ይወስዳል። በጀት ሲያጥር ዛጎሉን ሰፊ ቦታ ላይ ስስ አድርጎ መበተን ያጓጓል፤ ካርታ ላይ ያምራል፣ ውኃ ውስጥ ግን ይቀበራል። ግማሹን ቦታ ተዉትና ቀሪውን ከፍ አድርጉ። ዛጎል ካልበቃ ከሥር የኖራ ድንጋይ ይሁን፣ ዛጎሉ ከላይ ይልበስ።

ክትትሉ በ3ኛውና በ6ኛው ዓመት ይሠራል። በቼሳፒክ የሚሠራበት ልክ፣ ከሪፉ ቢያንስ 30 በመቶው ላይ በካሬ ሜትር 15 ኦይስተርና 15 ግራም ደረቅ ሥጋ ዝቅተኛው፣ 50 እና 50 ደግሞ ግቡ ነው። ስትቆጥሩ ሁለት ዛጎሉ እንደተገጠመ የሞተውን ለብቻው አስቀምጡ። ውስጡ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ የሞተው በቅርብ ሳምንታት ነው፤ ውስጡ ሌላ ነገር በቅሎበት ከሆነ ቆይቷል። ዛጎሉ ላይ ክብ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ቀዳዳ ካያችሁ ገዳዩ ቀንድ አውጣው ነው፤ ፍርክስክስ ያለ ጠርዝ ካለው ደግሞ ሸርጣን ወይም ዓሣ።