ይዞር ነበር ወይስ አይዞርም?

ከቅዳሜ ጀምሮ ጭጋጉ አልለቀቀንም። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። ልብስ አይደርቅም፣ ሰው አይስቅም። መብራት ሄዷል። ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ከፍቶኛል፤ ምን እንደከፋኝ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዲት ሳቂታ ጓደኛዬ እንዲህ ሲሆንባት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ስታይ ትውላለች። እኔ አሮጌ ሽጉጥ አያለሁ።

አዎ፣ ሽጉጥ። በስልኬ የፈረንጅ ጨረታ ቤቶችን እየዞርኩ። ልገዛ አይደለም። ብሩስ ከየት መጥቶ? ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። “የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ነኝ” ብዬ ደጅ ብጠና የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የምሰበስበው ፎቶ ነው። ፎቶውን አስቀምጥና ከሥሩ የተጻፈውን አነባለሁ። የት ተሠራ፣ መቼ፣ ምን ማኅተም ተመታበት፣ እጀታው የራሱ ነው ወይስ የተቀየረ። 

ዛሬ ያስቆመችኝ አንዲት ቤሬታ ናት። የ1934 ሞዴል። ትንሽዬ ናት፤ ካዝናዋ ሰባት ጥይት ይይዛል። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን መኮንኖቹ ወገባቸው ላይ ያደርጓት የነበረችው ማለት ነው። ብረቷ ላይ ዓመቷ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። አንዱ 1937 ነው። ከጎኑ በሮማውያን ቁጥር 15 ይላል። አሥራ አምስተኛው የፋሺስት ዓመት ማለት ነው። ሙሶሎኒ በ1922 ሥልጣን ሲይዝ ዘመን መቁጠሩን ከራሱ ጀመረ፤ ፋብሪካውም ታዞ ብረቱ ላይ መታው። ሳቄ መጣ። ዘመንን ከራሱ የሚጀምር መንግሥት የት አገር ይጠፋል?

ከዚያ ሳቄ ቀጥ አለ። በፈረንጅ 1937 ማለት በእኛ 1929 ነዋ። የየካቲት 12 ዓመት። በግንቦቱ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑበት። ጨረታ ቤቱ ግን ከፎቶው ሥር የሚያወራው ጥቁረቷ እንዳልለቀቀና ካዝናዋ የራሷ እንደሆነ ነው። አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። ግን የፈረንጅ ሰብሳቢ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ስለ ብረቱ የማያውቀው የለም። ቁጥሩ ከላይም ከታችም ይግጠም እንጂ ማንን እንደመታ አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መንዝ ወርዳችሁ አንድ አዛውንት ስለ አሮጌ መሣሪያ ጠይቁ። ፋብሪካውን አይነግሯችሁም። የማን እንደነበር፣ ማን ከማን እንደማረከው፣ ከማን ለማን እንደተወረሰ ግን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩላችኋል። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ቤልጅግ እያሉ ሲጠሩት የዘመድ ስም ነው የሚመስላችሁ። ዓመት? “ያኔ ነዋ!” ይላሉ። በቃ፣ ያኔ።

የኛ ቤትም ታሪክ “ያኔ” ላይ ነው የቆመው።

አባባ ሽጉጥ ነበራቸው። ይኼ አያከራክርም። የቀረው ሁሉ ያከራክራል። አዲስ አበባ ስትያዝ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ፣ ኋላ ራስ የተባሉት፣ ወደኛ አገር ጫካ ገቡ። አባባም ከእሳቸው ጋር ነበሩ ይባላል። ሽጉጡ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ጣርማ በር አካባቢ ተማረከ ይባላል። ይባላል ነው። አክስቴ ሽጉጡ ጠፍጣፋ ነበር ትላለች። መሐል ሜዳ ያሉት አጎቴ ደግሞ ስድስት ጎራሽ ነበር ብለው ይምላሉ።

ልዩነቱ ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኔ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ቤሬታ ሊሆን ይችላል። ስድስት ጎራሽ ከሆነ ግን ጥይቶቹ የሚገቡት መሐሉ ላይ በሚዞር ነገር ውስጥ ነው። ያኔ ቦዴዮ የሚባለው ይመጣል። የጣሊያን ጦር በፈረንጅ 1889 የታጠቀው፣ አድዋም የዘመተው። እና ቦዴዮ ከሆነ ሽጉጡን የማረኩት ምናልባት አባባ ሳይሆኑ ያባባ አባት ናቸው። ይባስ ብሎ ጣሊያን ያንኑ ሽጉጥ በሁለተኛው ወረራም ይዞት መጥቷል። ስለዚህ ይዞር ነበር ቢባል እንኳ አድዋ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። አያችሁ? የአንድ ቤተሰብ ጀግና አባት ይሁን አያት፣ የሚወሰነው በአንዲት ቁራጭ ብረት ነው።

አንድ መለያ አለ። ለተራ ወታደር የተሠራው ቦዴዮ ምላጩ ታጣፊ ነው፤ ጣት እንዳይነካው የሚከልለው ቀለበት የለውም። ይኼን ሳነብ አላስቻለኝም፣ ለአጎቴ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ከመሐሉ የሚዞር ነገር ነበረው?”

“የምን መዞር?”

“ጥይቱ የሚገባበት።”

“አባባ ሲተኩሱ የሚዞረው ጠላት ነበር!”

“እሺ፣ ምላጩስ? ታጣፊ ነበር?”

“አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ገባሽ እንዴ?”

እንዲህ ነው የኔ ምርምር። ማታ ላይ ልጃቸው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አጎቴ ናቸው፤ ስልኩን አፋቸው ውስጥ ከተው ነው መሰለኝ የሚያወሩት። ስለ ምላጩ ምንም የለም። ስለ አባባ ፈረስ ግን ረጅም ወሬ አለ።

ከዚህ በኋላ ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄደ። አሮጌ መሣሪያ የሚያረጀው መቼ ነው? አሜሪካኖች መልስ አላቸው። በሕጋቸው እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ይባላል፤ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። ከ1899 ጀምሮ ከሆነ ግን መሣሪያ ነው። ከፎቶዎቼ ሁሉ የምወዳት ሞውዘር ሲ-96 የምትባል ሽጉጥ አለች። በ1896 የወጣች፣ የአድዋ እኩያ። አፎቷ እንጨት ነው፤ ከኋላዋ ሲሰካ ሰደፍ ይሆናል። እስከ 1937 ድረስ ተሠርታለች። እንግዲህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ እህትማማቾች፣ አንዷ 1898 ላይ ስለተወለደች ቅርስ ናት፣ ታናሿ በዓመት ስለዘገየች መሣሪያ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ስልሳ ሲሞላው ጡረታ እንደሚወጣ ብረቱም ይወጣል ማለት ነው።

እኛ ጋ ጡረታ የለም። ልጅ ሆኜ አንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ውጅግራ ሲጮህ ሰምቻለሁ። የተኮሰው ሰውዬ ከጠመንጃው በብዙ ያንስ ነበር። ማንም “ይኼ እኮ ሙዚየም መግባት አለበት” አላለም። ይተኩሳል፤ ስለዚህ መሣሪያ ነው። ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ በሽምግልና ለካሳ ይቀርባል። ስብስብ የሚሆነው ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ነው። እዚህ አገር ሥራውን የጨረሰ መሣሪያ አይቼ አላውቅም። ዘንድሮማ ተዉኝ። ስለ ዘንድሮ አልጽፍም።

ስለ አሮጌ መሣሪያ ካነሳን አንኮበርን መዝለል አይቻልም። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ ነበር። በፈረንጅ ታኅሣሥ 1885 ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለችው ወደብ ከታጁራ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ አሮጌዎች ናቸው ይላል። የቤልጅጓ ከተማ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካለ አሮጌ መሣሪያ ሻጭ ቢገዙ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ነው፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል። ያኔም ሊዬዥ ላይ አሮጌ መሣሪያ ሻጭ ነበር ማለት ነው! ሰውዬው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ የሉም። ሐረርን ይዘው ገና መመለሳቸው ነው፤ እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። እሳቸው ዋጋውን ወደ ታች አወረዱት። በዚያ ላይ ሽርካው መንገድ ሳይጀምሩ ሞቶ ነበርና የሟቹን ዕዳ ቀነሱበት። ራምቦ ከሰርኩ ብሎ እስኪበቃው አማረረ።

እኔ በዚህ ወሬ ሁሌም የማደላው ለምኒልክ ነው። የፈረንጅ ጥራጊ በአምስት እጥፍ ሊሸጥላቸው የመጣን ሰው ከስሮ እንዲሄድ አደረጉት። መርካቶ ቢሆን እንዲህ ይደረግ ነበር? ይደረግ ነበር እንጂ። ደግሞ ሳስበው በአገራችን ትልቁ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢ ሳይወዱ በግድ እሳቸው ነበሩ። ብቻ እሳቸው የሰበሰቡት ሊያዩት አልነበረም።

ሽጉጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠመንጃ ለአደንም፣ ለከብት ጥበቃም፣ ለዘመቻም ይሆናል። ገበሬ ትከሻው ላይ ያነግተዋል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሽጉጥ የሹም ዕቃ ነው። ቅርብ ላለ ሰው የተሠራ ነው። ለዚህም ይሆናል ከታሪካችን ሽጉጦች ሁሉ ዝነኛው የመታው ባለቤቱን የሆነው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የጠጡት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። የላከችው ንግሥት፣ የመጣባቸውም የእሷው ጦር። ይኼን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ስጦታው የደረሰ ዕለት ነው። ሳጥኑን ከፍተው እጃቸው ላይ መዘን መዘን አድርገውት ይሆን? ወደውት ይሆን? ቆንጆ ነገር ሲወዱ የታወቁ ናቸውና ሳይወዱት አይቀሩም።

አባባስ ያንን ሽጉጥ ይወዱት ነበር? ይኼን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ሞዴሉን እንጂ ይኼን ጠይቄ አላውቅም። በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል የቀበሩት እማሆይ መሆናቸውን ግን ሁሉም ይስማማል። ያኔ ገና አልመነኮሱም። ሞራ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሌሊት። አባባ አልጋ ላይ ስለነበሩ አላዩም። ከዚያ እሳቸውም አረፉ፣ እማሆይም ቆብ ደፉ፣ ሽጉጡም እዚያው ቀረ። እማሆይን በሕይወት እያሉ አንዴ ደፈር ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “የትኛው ሽጉጥ?” አሉኝና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ለአክስቴ ይኼን ሁሉ ሳወራላት ሰማችኝ፣ ሰማችኝና “እሺ፣ ብታገኚውስ ምን ልታደርጊው ነው?” አለችኝ።

ምን ላደርገው ነው? ማስቀመጥ አልችልም። ላስረክብ ብል ከየት አመጣሽው ይሉኛል፤ “እማሆይ ቀብረውት” ብዬ ልመልስ ነው? ሙዚየም ልስጥ ብል የማን ነበር፣ መቼ ተማረከ ሲሉኝ የማሳየው ማስረጃ “የሚዞረው ጠላት ነበር” የሚል ነው። ደግሞ እኔ ማን ነኝ? የሠርግ ርችት ሲተኮስ ጆሮዬን ይዤ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ። እሱንም በእጄ ብይዘው በሁለት ጣቴ ነው የምይዘው፣ እንደሞተ አይጥ።

ይልቅ አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ነገ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ አንዳንዴ ስልክም ከፍተሽ አሳዪ ይባላል። የኔ ስልክ ውስጥ ያለው የሽጉጥ ፎቶ ለአንድ ሻለቃ ይበቃል። ለፈታሹ “ወንድሜ፣ ይቺ የፋሺስት ዓመት አሥራ አምስት ናት” ብዬ ላስረዳው ነው? ስለዚህ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ስብስቤን በሙሉ አጠፋዋለሁ። ስመለስ እንደገና አወርደዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰብሳቢ በዓለም ላይ ሌላ ይኖር ይሆን?

ፎቶዎቹን አሁን አጥፍቻለሁ። ሞውዘሯ ላይ እጄ ትንሽ ዘገየ እንጂ አጥፍቻለሁ። የቀረችው የአጎቴ ድምፅ ናት። ስለ ፈረሱ አውርተው፣ ስለ ፈረሱ አውርተው፣ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ለነገሩ እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ” ይላሉ።

ላጥፋት ወይስ ልተዋት?