መነጽሩን ቤት ተውት

መስከረም ማለቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወፍ ለማየት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ደብተር፣ የማለዳ ሚኒባስ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ።

ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ማሽላው መሀል፣ 1 ሰዓት ሳይሞላ የመስቀል ወፍ አገኘሁ። ሆዱ ጥቁር፣ ጀርባው ፍም። አገዳ ጫፍ ላይ ጉብ ብሎ ላባውን ይነፋል። ብዙ ሰው በመስከረም ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስለዋል። እዚሁ ነው የሚከርመው። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን አናስተውለውም። ክረምት ላይ ላባውን ይቀይራል።

አቅርቦ ማያ መነጽሬን ካነሳሁ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

«ቁም!»

ሁለት ሚሊሻዎች። «ምንድነው የምታየው?»

«ወፍ።»

«ወፍ በመነጽር?»

ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ፣ የእህቴን ሰርግ ሳይቀር። አካባቢው የ2014ቱ ጦርነት ያለፈበት ነው። መነጽር የያዘ እንግዳ ቢጠረጠር ይገባኛል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መታወቂያዬን ሰጥቻለሁ፣ መሥሪያ ቤቴን ተናግሬያለሁ። አንድ ስልክ የሚደውል ሰው ግን ጠፋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ወፍ የሚታየው ደግሞ በዚያችው ሦስት ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ መጡና በሁለት ደቂቃ ለቀቁኝ። «ሌላ ጊዜ ደብዳቤ አጽፈህ ና» አሉኝ።

በዚህ አልስማማም። ማሳ መሀል ደብዳቤ የሚያነብልህ የለም። የሚያድንህ የሚያውቅህ ሰው ነው። ጠዋት ስገባ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ማሽላ የሚጠብቁ አዛውንት ነበሩ። ወፎቹን ላለማስደንገጥ ብዬ ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። በወሎ ምድር! እስካሁን ይቆጨኛል።

ስመለስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ጠርተኸኝ ቢሆን እኔው እነግራቸው ነበር» አሉኝ። ወፉን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እኔ ላየው የመጣሁት ወፍ የእሳቸውን እሸት ይበላል። የት እንደሚያድር፣ ስንት ሰዓት ላይ ማሳው ውስጥ እንደሚወርድ ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ያኔ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወፉ ጸጥ ብሏል። ነፍሳት ግን ሙቀታቸውን ከፀሐይ ስለሚያገኙ ጤዛው ሲደርቅ ነው የሚነቁት። አንድ አደይ አበባ ሥር ተንበረከክኩ። ንብ የኋላ እግሮቿ ላይ የአበባውን ዱቄት ጠቅልላ ትሠራለች። አጠገቧ ባለው አበባ ላይ አንዲት ቢጫ ሸረሪት የፊት እግሮቿን ዘርግታ ትጠብቃለች። ቀለሟ ከአበባው አይለይም። ንቧ እዚያ ሳታርፍ ሄደች። ይህን ለማየት መነጽር አላስፈለገኝም።

ስለዚህ የወፍ መጽሐፍ ምንም ይበል፣ ለመጀመሪያ ቀን መነጽሩን ቤት ተውት። በማለዳ ወፍ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ነፍሳት። ከሁሉ በፊት ሰላምታ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከአዛውንቱ ጋር ተቀጣጥረናል። ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቻለሁ።