ካላ ውኃ ይወዳል ያልኩት እኔ ነኝ

ሥራዬ የሰው ግቢ እየዞሩ አትክልት መንከባከብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሣር አጭዳለሁ፣ ጽድ እከረክማለሁ፣ አበባ እተክላለሁ። አብሮኝ የሚሠራ፣ ዕድሜውን በችግኝ ጣቢያ የጨረሰ ሽማግሌ አለ። ጋሼ ነው የምንለው። ይሄ ነገር የደረሰብኝ ጋሼ አገር ቤት ሄዶ ብቻዬን በቀረሁበት ክረምት ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ እጄን ይይዘኝ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዲት የቆዩ ደንበኛችን ደወሉ። "ና እስቲ፣ የማሳይህ አለኝ።" ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን አለ፤ ውስጡ 40 የባለ ቀለም ካላ አበባ ድንች። እኛ ሥሩን ድንች ነው የምንለው፣ ስለሚመስል። ቢጫ፣ ሮዝ፣ ጥቁር ሊመስል ምንም የማይቀረው ወይን ጠጅ። በዘመድ በኩል የገዙት ነው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም።

"ለእንቁጣጣሽ ይደርስልኛል?"

"ይደርሳል እትዬ፣ ለእኔ ይተዉት።"

እንዲህ ያስደፈረኝ የእናቴ ካላ ነው። ነጩ። እናቴ ግቢ ቧንቧው ሥር፣ የዕቃ እጣቢ የሚፈስበት ጭቃ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሲያብብ ነው ያደግኩት። ከሥሩ ቆርሰህ የትም ብትጥለው ይይዛል። በቃ፣ ካላ ማለት ለእኔ ያ ነበር።

እናም ምን አደረግኩ? ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለውን ጥግ መረጥኩ፣ የጣሪያው አሸንዳ የሚያፈስበትን። አፈሩ ዋልካ ነው። ገና ያልበሰለ እበት ጨመርኩበት። ሳይበቃኝ ትልልቆቹን ድንቾች ለሁለት ለሁለት ቆራረጥኩና 40ውን 52 አደረስኩት። አንዱ ጎኑ ለስለስ ብሎ ነበር፤ የላላውን ቆርጬ ጣልኩና በዚያው ቢላ ሌሎቹን ቀጠልኩ። ቁስሉ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ቀበርኳቸው። ለጥበቃውም "ካላ ውኃ ይወዳል፣ ጠዋት ጠዋት አጠጣ" ብዬው ሄድኩ።

ሰኔ ላይ እንዴት ያለ ነገር ወጣ መሰላችሁ! ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ ጨው የተበተነበት ይመስላል። እትዬ ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። እኔም በዚህ መሃል ትንሽ ተኮፈስኩ፤ ስሙ ራሱ የእኛ ነው ብዬ እስከ ማስረዳት ደርሻለሁ። የነጩ ካላ ሳይንሳዊ ስም ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው እኮ። በኋላ ሳጣራ አገሩ ደቡብ አፍሪካና ሌሶቶ አካባቢ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኤቲዮፒካ የሚለውን ስም ሲያወጣለት የዚያ ዘመን አውሮፓዊ ደቡብ አፍሪካንም ኢትዮጵያ ይል ስለነበር ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጥበቃው ደወለ፤ "አበባህ ተኝቷል" አለኝ። ሄጄ ሳይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሬት ለመሬት ተዘርግቷል። ርቦት ነው አልኩና ናይትሮጅን የሞላበትን ማዳበሪያ፣ ዩሪያ ጨመርኩለት! ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። በሳምንቱ ተመልሼ አንዱን ቅጠል ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ዝልግልግ ያለ ነው፣ ሽታው ደግሞ ጆንያ ውስጥ የበሰበሰ ድንች። ጣቴን ወደ ጭቃው ሰደድኩ። ድንቹ የለም። ቅርፊቱ አለ፣ ውስጡ እንደ አጥሚት ቀጥኗል።

ጋሼ ነሐሴ መግቢያ ላይ መጣ። ጉድጓዱን አየ፣ አሸንዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ምን መሰለህ የተከልከው?"

"ካላ።"

"ነጩ ረግረግ ይችላል፣ አገሩም ውኃ ዳር ነው። ይሄኛው ድንች ነው ልጄ። አንተ ድንች ኩሬ ውስጥ ትተክላለህ?"

ያበሰበሰው ባክቴሪያ እኮ እውነተኛውንም ድንች፣ ካሮቱንም፣ ጎመኑንም የሚያበሰብሰው ነው። በቁስል ይገባል፣ ውኃ በተኛበት አፈር ይስፋፋል፣ ናይትሮጅን ጠግቦ የለሰለሰ ተክል ደግሞ ይመቸዋል። አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መጣል ነው። ያቺን የላላች ድንች ቆርጬ ቢላዬን በበረኪና ሳልጠርግ መቀጠሌ በሽታውን በእጄ እንደ ማደል ነው። ስነቅል ስውል ደግሞ ክንዴን አሳከከኝ። ጋሼ ሳቀ። "የጎደሬ ዘመድ መሆኑን ረሳህ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥሬ ጎደሬ ጉሮሮ የሚቧጥጥበት ነገር ካላም ውስጥ አለ። ልጅ ወይም ውሻ ያለበት ግቢ ስተክል አሁን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ከ52ቱ 9 ተረፉ። ለእትዬ የሁለት ወር ክፍያዬን እንዳይሰጡኝ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ገብተው ያንኑ ካርቶን አመጡና "እንካ፣ የተረፈውን ክተትበት" አሉኝ።

ዘጠኙን ጥላ ውስጥ አድርቀን፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጋሼ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ መደብ አሠራኝ። ሬድ አሽ፣ የወንዝ አሸዋ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። አራት ጣት ያህል ጥልቀት፣ ዓይኑ ወደ ላይ። ውኃ የሚጠጣው ጣት ተሰዶ አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ ነው። ሰባቱ ወጡ፤ ጥር ላይ ሦስት ቢጫና ሁለት ሮዝ አበቡ። ወይን ጠጁ ግን የለም፣ እትዬ ደግሞ ከሁሉም የወደዱት እሱን ነበር።

ሚያዝያ ላይ በዚያ ሳልፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ይሄኛው የጤና ነው፤ ባለ ቀለሙ ካላ አብቦ ሲጨርስ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል፣ ያኔ ውኃ ጨርሶ ይቆምለታል። ጥበቃው ግን ጎማውን ስቦ መደቡን እያጥለቀለቀው ነው።

"ኧረ ተው፣ ተው!" ብዬ ሮጥኩ።

ጎማውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። "አንተው አይደለህ እንዴ ውኃ ይወዳል ያልከኝ?"