ሳያዩ የዞሩት አባት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በነርስነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ አባት በባና ተጠቅልለው ከመንዝ መጡ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛለች። ስትሮክ መትቷቸው ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል ተባለ።

ባትሪ አበራሁባቸው። ብሌናቸው ወዲያው ጠበበ። ሞራ የለ፣ ጠባሳ የለ።

«አባባ፣ መብራቱ ይታይዎታል?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ሻይ ልታመጣ ወጣች። እሳቸው ብቻቸውን ተነሥተው ወደ በሩ አመሩ። መሃል ላይ የጉሉኮስ መስቀያ ቆሟል። ልጮህ አፌን ስከፍት ትከሻቸውን ዘወር አድርገው አለፉት። የባናው ጫፍ እንኳን አልነካውም።

ደሜ ፈላ። «እኚህ ሰውዬ እኮ ያያሉ፤ እያታለሉን ነው» አልኩ ለባልደረባዬ። ዞር ስል ልጅቷ ሻዩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ሲቲ ስካኑ ሲመጣ ሐኪሙ ጠርቶ አሳየኝ። ጉዳቱ ከአንጎላቸው የኋላ ክፍል፣ በግራም በቀኝም ነው። ዓይን ከሚልከው መልእክት አብዛኛው ታላመስ በሚባለው ክፍል አልፎ እዚያ ይደርሳል። «አየሁ» የምንለው በዚህ መንገድ ነው። ጥቂቱ ግን ተገንጥሎ ወደ መካከለኛው አንጎል ይሄዳል። ብሌን የሚያጠበውም፣ ድንገት ብቅ ወዳለ ነገር አንገታችንን የሚያዞረውም እዚያ ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ይኼኛው ሊተርፍ ይችላል። ሰውየው አያይም፤ ሰውነቱ ግን ይሸሻል።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላውረንስ ዋይስክራንትዝና ባልደረቦቹ በቀዶ ጥገና ግማሽ እይታውን ያጣ ሰው መረመሩ። እይታው በጠፋበት በኩል «ምንም አላይም» እያለ፣ ገምተህ ጠቁም ሲሉት መብራቱ ወዳለበት ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሁለት ጊዜ ስትሮክ መትቶት የታወረ ሰው ዕቃ በተደረደረበት ኮሪደር አንዱንም ሳይነካ ማለፉ ተጻፈ። እኚያ የመንዙ አባት ያደረጉትን ማለት ነው።

ልጅቷን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ እሳቸው አልጋ ጫፍ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ጠዋት ሲወጡ ያንን ብረት እንዴት ዞሩት?»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ።

«የቱን ብረት፣ ልጄ?»