የማጥመጃ ዘንግ በጥቅል አታስልኩ፤ ዝንቡን እዚሁ ሥሩት

ደሴ ተቀምጦ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ላባና ፀጉር ተጠምጥሞበት ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ አጥማጅ መሆን ይቻላል። ዓሣው ግን እኛ ጋ የለም። ሐይቅ ብትሄዱ የምታገኙት ቆሮሶና አምባዛ ነው። ትራውት ቀዝቃዛ፣ የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል። ያለው ባሌ ነው። ከኬንያ መጥቶ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ዘር ዛሬ በራሱ እየተራባ ይኖራል። መንገዱ ሩቅ ነው እንጂ አይከብድም። አወራወሩንም ሆጤ ሜዳ ላይ፣ በመንጠቆ ፋንታ ቁራጭ ክር አስሬ ተለማመድኩት። እኔን ያቃጠለኝ ዕቃው ነው።

ዘንጉን ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ በጥቅል ላከልኝ። የተነገረኝ መመሪያ ቀላል ነበር፤ ደረሰኝ ይዘህ ና፣ ቀረጥ ክፈል፣ ውሰድ። ይዤ ቀረብኩ። ሠራተኛው ዘንጉን አገላብጦ አየና "ይሄ አንቴና ነው?" አለኝ። የዓሣ ማጥመጃ ነው አልኩት። ዝንቦቹ ያሉባትን ትንሽ ሳጥን ሲከፍት ነገር ተበላሸ። ላባ አለው፣ ፀጉር አለው፤ ስለዚህ የእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ የጤና ማረጋገጫ ይምጣ! ማረጋገጫ ይሰጣል የተባለው ቢሮ ደግሞ "እኛ የምናውቀው ሥጋና ቆዳ ነው" ብሎ መለሰኝ። ተመለስኩ። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና።" በነጋታው ሌላ ነገር መጣ፤ ለንግድ አለመሆኑን የሚገልጽ የስፖርት ማኅበር ደብዳቤ። በዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎች ማኅበር ደሴ ውስጥ የት አለ? እንደሌለ እሱም ያውቃል። "እሺ፣ መከልከሌን በጽሑፍ ስጡኝ" ስል የሚፈርም ጠፋ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቢከለክሉኝ እንኳ ምክንያቱን በወረቀት ማግኘት ነበረብኝ። በመጨረሻ ዘንጉን ሰጡኝ፣ ዝንቦቹን አስቀሩ። የማቆያ ሒሳብም አስከፈሉኝ። ያቆዩት እነሱ፣ ከፋዩ እኔ!

ያለ ዝንብ ዘንጉ ምን ያደርጋል? እማዬን የበዓሉን ዶሮ ላባ እንዳትጥለው ለመንኳት። የሚፈለገው የአውራው የአንገት ላባ ነው፤ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠንከር ያለ። የሴቷ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይመጥና ይሰምጣል። ቀዩ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ገብስማን የሚያክል የለም። መንጠቆውን በጉጠት አጥብቃችሁ ቀጭን ክር ትጠመጥሙበታላችሁ። ለሆዱ የበግ ፀጉር በጣታችሁ እየፈተላችሁ ክሩን ታለብሱታላችሁ። ከዚያ ላባውን ከመንጠቆው ዓይን፣ ክር ከሚገባበት ቀዳዳ፣ ሥር ስታዞሩት የላባው ፀጉሮች እንደ ነፍሳት እግር ዙሪያውን ይቆማሉ። ዝንቡን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉት እነሱ ናቸው። ቋጠሮውን የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጋችሁበት ታደርቁታላችሁ።

ባሌ፣ ዲንሾ ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ትራውት ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡት። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታየዋል። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለውን የመጀመሪያዬን ትራውት የያዝኩት በዚያው በገብስማ ዝንብ ነው። በእጄ በሠራሁት! በጣም ኮርቻለሁ።

እንግዲህ የፈለገው መመሪያ ይባል፣ ዘንግ በጥቅል አታስልኩ። አራት ቦታ የሚፈታ ዘንግ ሻንጣ ውስጥ ስለሚገባ የሚመጣ ዘመድ ይያዝላችሁ። ትናንሽ መንጠቆዎችና የሚወረወረው ወፍራም ክርም አብረው ይምጡ። ዝንብ ግን ማንም አይላክላችሁ። ከመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ደፍጥጡት፤ የማትበሉትን ዓሣ ብዙ ሳትጎዱ ትለቁታላችሁ። የግድ በጥቅል ከመጣ ደግሞ ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቁ። አንፈርምም ካሏችሁ ቀኑንና የተባላችሁትን እዚያው ፊታቸው መዝግቡ።